የወይዘሮ አጸደ ፈለቀ የሐበሻ ሽንኩርት

የዕድሩ ጸሐፊ ስለ ወይዘሮ አጸደ ፈለቀ በቀብራቸው እንዲነበብ ጽፎ ያመጣው አራት መስመር ነበር። «የቤት እመቤት ነበሩ፤ ልጅ አልወለዱም» ይላል። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ሠርካዲስ ሲነበብላቸው ወረቀቱን ተቀብለው ቀደዱት። ሽንኩርቱ የት ገባ ቢሉት፣ «እማማ፣ በቀብር ላይ ሽንኩርት አይነሳም፤ ሰው ይስቃል» አላቸው። እንግዲህ የሚስቅ ይሳቅ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ያስጻፉት ታሪክ ይኸው።

ወይዘሮ አጸደ ከአባታቸው ከአቶ ፈለቀ ደጉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ በሻህ በ1942 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ቀጨኔ ተወለዱ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ የላካቸው የለም። የተማሩት ከእናታቸው ጓሮ ነው፤ አንድ ራስ የሐበሻ ሽንኩርት ቀብሮ ስድስት ሰባት ራስ ማውጣት፣ ጠንካራ ጠንካራውን ለዘር መርጦ ገለባ ላይ ዘርግቶ ማቆየት፣ ታፍኖ እንዳይበሰብስ አየር ማስነካት።

በ1962 ዓ.ም. መዝገቡ ከሚባል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ልጅ ዘገየ። ያኔ የሰፈሩ ምላስ ተፈታ። መካን የተከለችው አይበቅልም ተባለ። አጸደ አራስ ሊጠይቁ ሲገቡ፣ ከዓይናቸው ያድነዋል ተብሎ ፊት ለፊታቸው ሕፃኑ ደረት ላይ ነጭ ሽንኩርት ይሸጎጥ ነበር። ያንን ነጭ ሽንኩርት የሸጡላቸው ራሳቸው አጸደ ናቸው! የሸጎጡት ሴቶች ዛሬ እዚህ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። መዝገቡም በሰባተኛው ዓመት ልጅ ፍለጋ ወጣ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አይባክንም።

ልጅ አልነበራቸውም ማለት ውሸት ነው። በ1978 ዓ.ም. ወይዘሮ ሠርካዲስ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ኢሳይያስን ሰጧቸው። የወለዱት እናት «የአጸደ ልጅ ነው» ካሉ፣ ጸሐፊው ምን ቤት ነው?

አርባ ዓመት ሙሉ ቀጨኔ ጉልት ላይ ሽንኩርት ሸጠዋል፤ በዚያው አሳድገው አስተማሩት። ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት በካሚዮን መምጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ ለመላጥ ይቀላል ብሎ ወደዚያ ዞረ። እሳቸው የእናታቸውን ዘር ከጓሯቸው አላጠፉም። ኢሳይያስ ልጆች «ሽንኩርቴ» ሲሉት እያፈረ፣ እናቱን ሲያይ መንገድ ይሻገር ነበር። ኮሌጅ ገብቶ ሲመለስ ደግሞ፣ የሚያስለቅሰው ሽንኩርቱ ሲቆረጥ የሚወጣ ድኝ ያለበት ጋዝ ነው ብሎ አስረዳቸው። «ተው እንጂ! እኔ ቢላዬን የምስለው፣ ሥሩንም መጨረሻ የምቆርጠው ለጌጥ መስሎህ ነው?» ብለው ሳቁበት። ሽንኩርት ካልጎዱት አይሸትም፤ የጎዳውን ግን ያስለቅሳል ይሉ ነበር። እሳቸው ተጎድተው ማንንም አላስለቀሱም። ጥፋታቸው እሱ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። እስከ መጨረሻው አልጋቸው ሥር ያለውን የዘር ሽንኩርት ቅርጫት በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። አደራቸው አንድ ነው፤ በልጉ ሳያልፍ ይተከል።

ረቡዕ ዕለት፣ ልጃቸው ለሥራ ከሄደበት ከድሬዳዋ እስኪደርስ ሲጠበቅ፣ የዕድሩ ሴቶች ለለቀስተኛው ምስር ወጥ ሊሠሩ ገቡና ያንን ቅርጫት አውጥተው ልጠው ከተፉት። ከእናታቸው ጀምሮ የቆየ ዘር! ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ ጽጌረዳ ቢጠየቁ፣ «ታዲያ ሽንኩርት ሽንኩርት አይደል እንዴ?» አሉ። ትናንት ወጡ ጣፈጠ እያላችሁ ያስጨመራችሁ ሁሉ የአጸደን ዕድሜ ነው የበላችሁት። አልጋው እግር ሥር ተንከባሎ የተረፈው አሥራ አንድ ራስ ብቻ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ልጃቸውን ኢሳይያስን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶሊያናን፣ ታላቅ እህታቸውንና እነዚያን አሥራ አንድ ራስ ሽንኩርት ትተው ሄደዋል። ቀብራቸውም ዛሬ ሐሙስ በቀጨኔ መድኃኔዓለም ይፈጸማል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ ሲገቡ ማንም ሕፃኑን በማይሸሽግባቸው ቦታ ያሳርፍልን፤ አሜን።

ኢሳይያስ፣ ይህን የምታነበው አንተ ነህ፤ ሽንኩርት ስትል ድምፅህ እንዳይወርድ። የእናትህ ጓሮ የቀበሌ ነው፣ ይወሰዳል። ያንተ ግቢ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ታይልስ ለብሶ አንድ እፍኝ አፈር የለውም። አሥራ አንዱ ራስ በሠርካዲስ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሯል፤ ዶማውም መኪናህ ውስጥ ገብቷል። ከቀብር መልስ፣ ጫማህን እንኳ ሳትቀይር፣ ከግቢህ በር በስተግራ ያለውን ታይልስ አንሳ።