የኮሌታ ወንበር

ውድ ኮሌታ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በዚህ ቃል ስለሚጀመር ነው። እውነቱን ከፈለግሽ አንቺ ጣውንቴ ነሽ። ካረፍሽ አሥር ዓመት አለፈ፤ እዚህ ቤት ግን ከእኔ የበለጠ ቦታ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ጋራዡ በሞላ ያንቺ ነው። የኔ መኪና ውጭ በረዶ ለብሳ ታድራለች፣ ያንቺ ፖንቲያክ ማሞቂያ በርቶላት ታድራለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን መስታወት እየፋቅኩ ስምሽን አነሳለሁ። በምን ዓይነት ቃል እንደማነሳሽ ግን ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ይቅር።

ታስታውሺኝ እንደሆነ፣ ከልብስ ንጽሕና ቤቱ ጓዳ ተቀምጬ ልብስ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። የሳጊኖ ከተማ ሰው ሁሉ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ፣ ለማስረዘም የምትመጪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ተንበርክኬ ቁርጭምጭሚትሽ ጋ መርፌ ስሰካ ከላይ ሆነሽ «ናዲን፣ እዚያ ታች አየሩ እንዴት ነው?» ትይኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ እወድሽም ነበር። ያቺን ቢጫ መኪና በራችን ላይ አቁመሽ ስትወርጂ መጀመሪያ እግርሽ ይወጣል፣ የቀረው አካልሽ ቆይቶ ይከተላል። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያይሽ ነበር። እኔም መርፌዬን በከንፈሬ ይዤ በመስኮት አይሽ ነበር። ባልሽን ገና ሳላውቀው ያኔውኑ ትንሽ ሳልቀናብሽ አልቀረሁም።

ከቀብርሽ በኋላ ባልሽ ሮይስ ሱሪዎችሽን አጣጥፎ ይዞልኝ መጣ። «የሚሆነው ሰው ካገኘሽ ስጪልኝ» አለኝ። ለማን ሊሆን! እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላገኘሁም። ከዚያ ደግሞ እየተመላለሰ ይመጣ ጀመር፤ አንድ ጊዜ የሸሚዙን ደህና ቁልፍ ራሱ በጥሶ እንደመጣ ክሩን አይቼ አወቅኩበት። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው። እኔም ተፈልጌ ነው የመጣሁት፤ በባዶ ቤት ሰተት ብዬ አልገባሁም።

ተጋብተን አምስት ዓመት እስኪሆነን መኪናሽ ከቤቱ ጀርባ በሸራ ተሸፍና ቆመች። ዓይኔን ከሸራው ላይ ማንሳት ለምጄ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሮይስና ወንድምሽ ቨርን እየገፉ ወደ ጋራዡ አስገቧት። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታይ ነበር። «ልናድሳት ነው» አለኝ ሮይስ። እኔ ደግሞ ልቤ «ሊያስነሳት ነው» ሲል ሰማሁት፤ መኪናዋን ማለቴ አይደለም፣ አንቺን ነው።

ሦስት ክረምት ፈጀባቸው። ቨርን ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራውን ይዞ ይመጣል፣ የበሰበሰውን ይቆርጣሉ፣ አዲሱን ይበይዳሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ ስላንቺ ያወራሉ። ሮይስን ታውቂው የለ፤ አንድ ቡሎን ሲፈታ ፎቶ ያነሳዋል፣ በላስቲክ ከረጢት ይከተዋል፣ ስሙን ይጽፍበታል። የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት ያደርግበታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ ወጣበት ይመለሳል። ለእኔ የደረሰኝ የወንበሮቹ ልብስ ነበር።

«ስፌቱን ላንቺ ትተንልሻል» አለኝ ቨርን፣ ሾርባ ላቀርብላቸው የገባሁ ጊዜ። «ኮሌታ ብትኖር ኖሮ ግን ሞተሩን ራሷ ነበር የምታወርደው።»

«ኮሌታ ብትኖር ኖሮ ይህን ሾርባ ራሷ ትሠራልህ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ እሷ! ውኃ እንኳ ታሳርራለች!»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ስሜን በሾርባ ብቻ ያተረፍኩ መሰለኝና እቃውን እያንኳኳሁ አጠብኩ።

የድሮውን የወንበር ልብስ ስተረትር ከሽቦዎቹ መካከል የማስቲካ ወረቀት አገኘሁ። ያንቺ ነው፤ በትናንሹ አራት ጊዜ የታጠፈ። ልጥለው ስል ሮይስ ከእጄ ወስዶ በሸሚዙ ደረት ኪስ ከተተው። እኔ በገና የሰጠሁትን ጓንት የት እንደጣለው እንኳ አያውቅም። ኮሌታ፣ አንድ ሰው በማስቲካ ወረቀት ይቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እኔ ግን ድብን ብዬ ቀናሁ።

ከሁሉም የባሰኝ ግን ወንበሩ ነው። ሰፍቼ ስጨርስ መልሶ ሲያስረው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ፣ ወደ ኋላ ጥግ፣ ነጭ ምልክት አለ። ያንቺ እግር የሚፈልገው ቦታ! ወንበሩን እየገፋ ልክ ምልክቱ ላይ አቆመና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ያን እግር በሜትሬ የለካሁት እኔ ነኝ፤ የኔ እግር ከዚያ ተነስቶ ፍሬኑ ጋ እንደማይደርስ ለማወቅ መቀመጥ አያስፈልገኝም ነበር።

ያን ዕለት አንድ ነገር ተመኘሁ። አበባ አይደለም፣ «እወድሻለሁ» ማለቱንም አይደለም። ሮይስ ማንም ሳይነግረው በገዛ እጁ ያን ወንበር ወደፊት እንዲጎትተው ተመኘሁ። ልንገረው ብል ሁለት ቃል ነው። ግን ለምነው ያገኙት ቦታ ምን ቦታ ይሆናል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩና ጠበቅኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞተሩን ሊያስነሱ ተነሱ። በረዶው ሟሙቶ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ውስጡ ካም የሚባለው ዘንግ አዲስ የገባለት ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ ሃያ ደቂቃ ያህል ከፍ ብሎ መጮህ አለበት። ወደ ዝቅተኛው ዙር፣ ወደ ሚኒሞ፣ ከወረደ ዘይቱ ዘንጉ ላይ በደንብ አይረጭም፣ ብረት ብረትን ይበላል፣ የሦስት ክረምት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ቤንዚን መርገጫውን የያዘ ሰው ምንም ቢመጣ እግሩን አያነሳም።

«ናዲን፣ ግቢና ያዥልኝ» አለኝ ሮይስ፣ ከሞተሩ ላይ ቀና ሳይል።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? እኔ እዚህ ማስተካከል አለብኝ። ቨርን እሳት ማጥፊያውን ይዟል።»

«የኔን መኪና ያስነሳን ጊዜ ተቃጥሎ የሄደው ቅንድቤ እስካሁን በቅጡ አልበቀለም» አለ ቨርን። «ዘንድሮ ሁለተኛውን አላስበላም!»

ገባሁ። ወንበሩን ሰፋሁት እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ጫፉ ድረስ ተንሸራትቼ፣ መሪውን የሙጥኝ ብዬ፣ የእግሬ አውራ ጣት ጫፍ ብቻ መርገጫውን ነካው። ጠበቅኩ። አሁን ያየኛል፣ አሁን «ቆይ ወንበሩን ላስጠጋልሽ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ካርቡሬተሩን ያያል። የወንበሩ መጎተቻ እኮ እዚያው እጄ ሥር ናት። በገዛ እጄ ብጎትታትማ እንደ ሌባ ነው።

«ይደርስልሻል ወይስ ከጀርባሽ ትራስ ላምጣ?» አለኝ ቨርን።

«ይደርሳል!» አልኩት። ውሸቴን ነው።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ሳለ፣ ተፋ፣ ከዚያ ጮኸ። ድምፁን ላንቺ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሮይስ ቀና አለ። ፊቱ እንዳለ በርቷል፣ እንደ ልጅ ይስቃል። ያን ፊት ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አይቼው አላውቅም፤ በሠርጋችን ቀንም አላየሁትም። ይህን ሳቅ አንቺ ስንት ጊዜ እንዳየሽው አሰብኩና ዓይኔ ውኃ ሞላ። ጭሱ ነው እንዳልል ጭሱ ወደ ውጭ ነበር የሚሄደው።

ትንሽ ቆይቶ ባቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ጣቴ አዳለጠኝ። ድምፁ ወረደ።

«ኮሌታ!» ብሎ ጮኸ ሮይስ። «ኮሌታ፣ አትልቀቂው!»

ረገጥኩት። ሞተሩ እንደገና ጮኸ። ቨርን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሮይስ ያለውን አልሰማም፣ ተመልሶ አጎንብሷል። እኔ ግን ሰምቼ የትም መሄድ አልችልም። ወርጄ፣ በሩን ድርግም አድርጌ፣ በእግሬ እህቴ ቤት ድረስ ብሄድ ደስ ባለኝ። እግሬን ካነሳሁ ግን ሞተሩ ያልቃል። አንድ ሰው በሌላ ሴት ስም ተጠርቶ እዚያው የሴትዮዋ ወንበር ላይ እግሩን ሳያነሳ ሲቀመጥ አስቢው እስቲ። በዚያች ደቂቃ ጠላሁሽ። ደግሞም አልለቀቅኩትም፤ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። እዚያ ወንበር ላይ ያለው ስፌት የኔ ነው፣ ሦስቱ ክረምት የኔም ነው፣ ውጭ በረዶ ስፍቅ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

በመጨረሻ «አጥፊው!» አለ። አጠፋሁት። ሊያቅፈኝ እየሳቀ መጣ፤ እኔ ግን እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀረሁ።

«አማቼ፣ ማን ብለህ እንደጠራሃት ታውቃለህ?» አለው ቨርን ቀስ ብሎ።

«ማን አልኩ?»

ቨርን በአገጩ ያንቺን ወንበር አመለከተው። ያኔ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ናዲን...»

«እግሬ አልደረሰም። ለዚህ ነው ያዳለጠኝ።»

«ካልደረሰ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ አጭር ነኝ እኮ፣ ሮይስ። ምኑን ልንገርህ?»

በሩ ሥር ተንበረከከ። ነጩን ምልክት አየው፣ ቆይቶም የተንጠለጠለውን እግሬን አየው። እንዲሁ ትቶት የሚነሳ መሰለኝ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከወንበሩ ሥር ሰዶ መጎተቻዋን ሳባት። ከነወንበሩ ወደፊት ተንሸራተትኩ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«አሁን?»

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

«ከዚህ ካለፈ ኮፈኑ ውስጥ ነው የምትገቢው» አለ ቨርን። ድምፁ ሻክሮ ነበር። ከዚያ ጭሱን ልይ ብሎ ወጣ፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

ሮይስ ምልክቱን በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስተውኩት። ከየት እንደተነሳ ይታወቅ፤ የራሱ ሕግ አይደል? እንዳልዋሽሽ፣ ቅናቴ አልለቀቀኝም። ዛሬም ሞተሩ ሲነሳ ያ ፊቱ ሲበራ ዓይኔን ዞር አደርጋለሁ። የማስቲካ ወረቀቱም የት እንደተቀመጠ አውቃለሁ። አርብ ማታ ግን ሰዉ የድሮ መኪናውን ይዞ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ነድቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ መንገደኛውም ዞር ብሎ አየኝ።

እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ ኮሌታ። መኪናሽ ቢጫ እንደሆነች ትኖራለች፣ ዘይቷም በጊዜው ይቀየራል፤ ይህን ቃል እገባልሻለሁ። ወንበሩን ግን አልመልስም። ድንገት መጥተሽ ልቀመጥ ካልሽ ጉልበትሽ ከመሪው ጋር ይጋጫል፤ ቻይው።

እዚህ ታች አየሩ ደህና ነው።

ናዲን