በሦስት ጣት የተሠራ ግድግዳ

ሌሪቤ፣ ሌሶቶ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዌልኮም ከተማ ብርድ እንዳይጎዳሽ ብርድ ልብሱን ከትከሻሽ አታውርጂ። ወንድሜ ሞኬቴና ሚስቱ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ዘንድሮ ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም።

የልብስ ፋብሪካው ማሽን የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ከወሰደብኝ ወዲህ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው ስጠብቅ፣ የመጣው ሁሉ «አይ ምስኪን» ብሎ ከንፈር ሲመጥልኝ ከረምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣፍጦኝ ነበር። የሚመጣ ሰው ሲጠፋ እኔው ለራሴ እመጥ ነበር። በግድግዳችን ላይ በሹካ ጭረሽ የሠራሽው ሊቴማ፣ ያ የምወደው የጭቃ ላይ አበባ፣ በየዝናቡ እየታጠበ አለቀ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጥ ነበር።

ለፋሲካ መንደሩ ሁሉ ግድግዳውን ሲያስጌጥ የእኛ ብቻ ባዶውን መቅረቱ ከነከነኝ። ጭቃና እበት ለውሼ ለሰንኩትና ያንቺን አበባ ልሠራ ሞከርኩ። ሹካው ከእጄ እየተንሸራተተ ይወድቃል፤ አበባውም የተረገጠ ጎመን መሰለ። እንደምንም ጨረስኩት። በማግስቱ ዝናብ መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጎረቤታችን እማማ ማፓሌሳ መጡ። ከንፈር ሊመጡልኝ ነው ስል፣ «ምን ያስለቅስሻል? ዝናብ ሊቴማ ካላጠበ ምን ሊያጥብ ኖሯል? የእናትሽንስ ስንቴ ወሰደው! እሷ ግን ስታለቅስ አላየኋትም» አሉኝ። ጣቶቼን ባሳያቸው፣ «የቀሩትስ? ጥፍራቸው ሊቆረጥ ነው የተቀመጡት?» ብለው ሳቁብኝ። በጣም ተናደድኩ። እሳቸው ሲሄዱ ተነስቼ ጭቃ ለወስኩ።

ሹካውን ወረወርኩት። በሦስቱ ጣቶቼ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ሰፊና ጥልቅ ቦይ ወጣ፤ እጄ እስኪደነዝዝ እየጠመዘዝኩ ወሰድኩት። ያንቺን አበባ አይመስልም፣ የማንንም አይመስልም። ሲደርቅ እማማ ማፓሌሳ ቆመው አዩትና የማን ንድፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። የራሴ ነው አልኳቸው። አሁን የታችኛው መንደር ሙሽራ ቤቷን እንዳስጌጥላት ለምናኛለች። እሺ ብያለሁ። ከዚያም በኋላ አላቆምም።

እማዬ፣ በደብዳቤሽ «ምስኪኗ ልጄ» የምትይኝን ተይልኝ። ሌላ ቅሬታ የለኝም። ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ ደብዳቤዎችሽ የተጻፉት በሞኬቴ ሚስት እጅ ነው፤ ፊደሏን አውቀዋለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም ከንፈር እንዲመጥልሽ የምትፈልጊ ሰው አይደለሽም።

ብቻ የሚቀጥለው ዝናብ ሳይጀምር ነይልኝ። ግድግዳውን አይቶ እንዲነግርሽ ማንንም አትጠይቂ፤ መዳፍሽን አሳርፊበት። ቦዮቹን ጥልቅ አድርጌያቸዋለሁ፤ ጣትሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይስት ይከተላቸዋል።

እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምልሽ፤ ደጃችንን በእግርሽ ለመርገጥ ያብቃሽ። ይህን ለምታነብልሽም ሰላምታዬ ይድረሳት።

እጇን ካንቺ የወረሰችው ልጅሽ