ሻሺቱ ዘግይታ አልመጣችም

ለተከበራችሁ የሁለቱ ሐይቆች ሐኪሞች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚዎች፣
አርባ ምንጭ

ጤና ሰጪዎቹ እናንተ ሆናችሁ ሳለ ጤና ይስጥልኝ ማለቴ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሰውነቴ ደህና ነኝ። ይሁንና የምጽፍላችሁ በሐሰት የመሰከርኩ ሰው ነኝ፤ የመሰከርኩትም በእናንተው አዳራሽ ነው። እስካለፈው እሁድ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ለምሥረታ በዓላችሁ ያሳተማችሁትን የማኅበሩን ታሪክ አንድ ወንድም ጸሎት ቤት አምጥቶ ሰጠኝና፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም፣ በጣቴ እየተከተልኩ ጨረስኩት። ለደከማችሁበት እያመሰገንኩ የከበዱኝን ላቅርብ።

አንደኛ፦ ማኅበሩን የመሠረቱት ዶክተር ካሳና ጥቂት ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ የወሰኑት «ሐኪም ቢያጠፋ ከበሽተኛው ቤተሰብ በፊት ባልደረባው ይጠይቀው» የሚል እንደነበር ጽፋችኋል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። በተከታዮቹ ገጾች ማኅተም መቀረጹን፣ አዳራሽ መሠራቱን፣ አባላት አንድ ዓይነት ከረባት ማሰራቸውን አገኘሁ፤ የተጠየቀ ሐኪም ግን አላገኘሁም። በአርባ ምንጭ ሙቀት ከረባት ማሰር ቀላል መሥዋዕትነት ስላልሆነ አልፈርድባችሁም።

ሁለተኛ፦ ለሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁ የቀረበው አቤቱታ ሁሉ «በአካባቢው ባህል በሰላም ተፈቷል» ብላችኋል። ከአቤቱታዎቹ አንዱ የእኔ ነበር። ባለቤቴን ሻሺቱን ሆዷን ሲቆርጣት ገና በማለዳ ሆስፒታል አደረስኳት። ተረኛው ሐኪም ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጫሞ ዳር ወርደው ኖሮ፣ ከዓሣው ምሳ በኋላ ሲመለሱ እሷ አርፋለች። ከቀብሩ በኋላ ማኅበራችሁ የሰፈሬን ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር አስይዞ ደጄ ላከ። እኛ ጋር ሣር ይዞ ለተንበረከከ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። በወጋችን ግን ሣሩ የሚመጣው አጥፊው ጥፋቱን በአፉ ከተናገረ በኋላ ነው፤ እናንተ ሥራ ስለሚበዛባችሁ ይህቺን አሳጠራችኋት። ይቅር አልኩ።

በማግስቱ አዳራሻችሁ ስጠራ ጸሐፊያችሁ፣ እጅግ ትሑት ሰው፣ «አባባ፣ ይቅር ካሉማ ዘግይቼ ነው ያመጣኋት ይበሉንና ነገሩ ይዘጋ፤ ለእርስዎም ዕረፍት ነው» አሉኝ። ይቅር ማለትና መዋሸት አንድ መስሎኝ፣ አልኩ። «ምን አዘገያችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልሱን ማንም አላቀበለኝም። «እህቷ ልክነሽ ለጸሎት ብላ ቤት አቆይታብኝ ነው» አልኩ። ይህ የራሴ ነው። ልክነሽ በዚያ ቀን ምዕራብ ዓባያ ነበረች፤ የእህቷን መታመም እንኳ አልሰማችም።

ሦስተኛ፦ ያችን ውሸቴን «በዘመዶች ኋላቀርነት የተቀጠፈች እናት» ብላችሁ ለሕዝብ ማስተማሪያ ስላደረጋችኋት አመሰግናለሁ። ስም አለመጥራታችሁም ጨዋነታችሁ ነው። ምዕራብ ዓባያ ግን ስም ሳይጠሩለት የሚያውቅ ከተማ ነው። ልክነሽን የገዛ ወንድሞቿ ለቅሶ ላይ ከጎናቸው አያስቀምጧትም፤ ጸሎት ቤቷም ለታመመ እጇን ጭና እንዳትጸልይ ከአገልግሎት አግዷታል። እኔ ይህን እያወቅሁ በየእሁዱ ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን» ስል ኖሬአለሁ። እናንተ አንድ ሐኪም ለመሸሸግ ማኅበር አስፈለጋችሁ፤ እኔ ራሴን ለመሸሸግ ብቻዬን በቃሁ። ስለዚህ ከእናንተ የምሻል መስሎኝ እንደማልጽፍ እወቁልኝ።

የማኅበራችሁን ዕድሜ ያርዝምላችሁ፤ የመሥራቾቹ ቃል ከመሥራቾቹ ጋር አብሮ እንዳይቀበር እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ኀፍረት እጅ እነሣለሁ።

ኦይታ ጋሻዬ
ሙዝ አምራች፣ የሻሺቱ ባል

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን የጻፍኩት ታሪኩን ደግማችሁ ስታሳትሙ ምስክር ፍለጋ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። ከእናንተም እንደ እኔ በሰው ፊት ተነሥቶ መናገር የሚፈልግ ቢገኝ ቦታው ክፍት ነው፤ ከረባት አይጠየቅበትም። ባለፈው እሁድ ምዕራብ ዓባያ ሄጄ፣ በልክነሽ ጸሎት ቤት ከስብከቱ በኋላ ተነሣሁና፣ ወንድሞቿ በተቀመጡበት፣ ሻሺቱን በማለዳ እንዳደረስኳት፣ በልክነሽም ላይ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ልክነሽ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «ጋሼ፣ ጮክ ይበሉ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙዎትም» አለችኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።