የጄቱ ፈተናና የሁምቦው ሽማግሌ

ነሐሴ 18፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

እግሩ ታጠፈ። ክንፉ ግን አልወጣም። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም፣ ገበያ የለም፣ እኔም ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ከአሻንጉሊት ጋር ትግል ይዣለሁ። ተዋወቂው፣ ደብተሬ። ቀይና ግራጫ ነው። ሲቆም ሮቦት፣ ሲታጠፍ ተዋጊ ጄት። ማለት ሐጂ ኑሪ እንደሚሉት። ጅምላ የሚያከፋፍሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ለናሙና አንዱን ላኩልኝ። ሞክሪውና ለጊፋታ አንድ ካርቶን ትወስጂ እንደሆነ እስከ ሰኞ ንገሪኝ፣ ከወሰድሽ መመለስ የለም አሉ።

ጊፋታ ላይ ዘመን ይለወጣል፣ ልጅ ያለው ሁሉ ሱቄ ይገባል። ዓመቱን የምበላው ከዚያች ሳምንት ነው። ዓምና የሚያለቅሱ አሻንጉሊቶች አምጥቼ ጉድ ሆንኩ። አንዷ እናት ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ የሚያለቅስማ ቤቴ ሞልቷል ብላኝ ወጣች። ማ. ያኔ ቃል አስገባኝ። (ማ. ባሌ ማርቆስ ነው፣ ስሙን በሙሉ የምጽፈው ሲያናድደኝ ብቻ ነው።) ዘንድሮም ከሳትኩ አሻንጉሊት ቀርቶ ሱቁ የጫማ ይሆናል። እሺ ብያለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ስር ሳጎነብስ ይታየኛል።

ነሐሴ 19፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ፈተና። አሸተትኩት፣ መጥፎ ሽታ የለውም። ቀለሙን በምራቄ አሸሁት፣ አልለቀቀም። ከባንኮኒው ላይ ሲሚንቶው ላይ ጣልኩት፣ ምንም። ጠርዙ ጣት አይቆርጥም። መመሪያው ሥዕል ብቻ ነው፣ ጽሑፉ የቻይና፣ ቀስቶቹ ወደየትም ያመለክታሉ።

ከዚያ ሳላስበው ቀጭ አለና ጄት ሆነ። እንዴት እንዳደረግኩት አትጠይቂኝ። ግን ያምራል። እስከ መደርደሪያው አበረርኩት፣ በአፌም ድምፅ አወጣሁለት። ለካ አንዲት ሴት እስክሪብቶ ልትገዛ ገብታ ቆማለች። ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። ለራሴ ነው አልኳት። ፈገግ ብላ እስክሪብቶዋን ይዛ ሄደች።

ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ጄቱ ሰው አልሆን አለ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ እጁ ቀረ፣ ጅራቱ አለ። ወደ ቤት ይዤው ገባሁ። ለጋብቻ የደረሰችው ልጄ ምሕረት አየችውና፣ እማ፣ ይሄ እኮ አባዬ ከእንቅልፉ ሲነሳ ነው አለች። ማ. ሰምቶ ኖሮ ቆይቶ መስታወት አየ።

ነሐሴ 21፣ ዓርብ፣ ማታ

አሁንም ግማሽ ሰው ግማሽ ጄት ነው፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። እኔ ያልቻልኩትን ለእናቶች ሸጬ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? በማግስቱ ይዘውት ይመጣሉ። ሰኞ ደግሞ ደረሰ። ልቤ ወደ ጫማው እያዘነበለ ነው።

ሌላ ወሬ። ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ለምሕረት። ልጁ ሁምቦ ት/ቤት ያስተምራል። ጨዋ ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ፣ እሷማ አይነገርም። ማ. ግን ደንብ ደንብ ይላል። ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም፣ ዘመድ እናማክር ተብለው ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። እነሱም ቃል ሳያገኙ ውሃ እንኳን አይቀምሱም። ስለዚህ ምንም አታቅርቢ አለኝ። እሺ። የቦዬ ሥር ግን እቀቅላለሁ፣ ሲሄዱ እኛ እንበላዋለን።

ነሐሴ 22፣ ቅዳሜ፣ ምሽት

ከየት ልጀምር። ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ዳና ናቸው፣ ረጅም፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው የሚቀመጡ። ሳሮ ሳሮ ተባባልን። ልጅ ስጡን አሉ። ማ. ጉሮሮውን ጠርጎ ሌሊቱን ሲለማመድ ያደረውን ተናገረ፦ አክብራችሁናል፣ ዘመድ አላማከርንም፣ ከጊፋታ በኋላ ተመለሱ። በቃ፣ በደንቡ ተነስተው መሄድ ነው።

አልተነሱም። ለምን ብትዪ፣ ማ. ሲናገር አቶ ዳና ያንን ሮቦት ከጠረጴዛው አንስተዋል። የውሃ ብርጭቆ እንኳን ያልያዘ እጅ ምን ይያዝ? ጅራቱን ጎተቱ፣ ደረቱን ከፈቱ፣ ከዚያ መግጠም አቃታቸው። የሰው ዕቃ በትኜ አልወጣም አሉ። ማ. ችግር የለውም ቢል ወይ ፍንክች። በኋላ ራሱ ገባበት። እግሩን ያዙልኝ፣ ቀኙን፣ የእርስዎን ቀኝ ነው የሱን? ሁለቱ ሽማግሌዎችም ወንበራቸውን አስጠጉ። አንዱ ክንፉን በጣታቸው ጫን፣ ሌላው ከላይ ሆነው ትእዛዝ። ልጅ ስጡን የሚል ጠፋ።

እኔ ሞኟ። ሰው እንዲህ ሲለፋ ሳይ እግሬ ራሱ ወደ ጓዳ ሄደ። ቦዬውን ከዳጣ ጋር በሳህን አምጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። አቶ ዳና ዓይናቸውን ከሮቦቱ ደረት ሳይነቅሉ በቀኝ እጃቸው ቆረሱ፣ ዳጣው ውስጥ ነከሩ፣ ጎረሱ።

የቀመሰ ሽማግሌ ቃል ያገኘ ሽማግሌ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ከበሩ ኋላ ምሕረት አፏን ይዛ ስትስቅ ተሰማኝ። አቶ ዳና ቀስ ብለው ማ.ን አዩት።

«አቶ ማርቆስ፣ ዋጥኩት» አሉ።

ማርቆስ (በሙሉ ስሙ) እኔን አየኝ። ያ አስተያየት ብላቴ ወንዝን ያደርቃል። ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። ሮቦቱ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ ደረቱ ላይ ዳጣ ነክቶታል። መቼ እንደቆመ ማንም አላየም።

«እንግዲህ ይድገሙበት፣ በአንድ ጉርሻ ልጅ አልሰጥም» አለና ሳህኑን ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ገፋው።

ምሕረት ተሰጠች። ቤቱን ሳቅ ሞላው። ማ. እስካሁን አላነጋገረኝም፣ ግን ሁለት ጊዜ ሲስቅ ይዤዋለሁ።

ነሐሴ 24፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ለሐጂ ኑሪ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ ጥንካሬው ጥሩ፣ ቀለሙ ጥሩ፣ ጄት ማድረግ ይቻላል፣ ወደ ሰው ለመመለስ ግን አንዱ እግሩን ካልያዘ ሌላው ደረቱን አይገጥምም። ልጅ ብቻውን አይችለውም። እንግዲያው ተዪው፣ ወላጅ የሚፈልገው ልጁን ዝም የሚያሰኝለት ነው አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሃያ ዓመት ነግደዋል።

እኔ ግን ያየሁትን አየሁ። ደንብ የሚያስረሳ አሻንጉሊት ነው። ጊፋታ ላይ አጎቱ አለ፣ አያቱ አለ፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ እግር የሚይዝ አይጠፋም። ለሚገዛኝ ሁሉ ይህንኑ እነግረዋለሁ፣ ብቻውን አይታጠፍም፣ ቁጭ ብለህ ያዝለት። እዚሁ ባንኮኒ ላይም አብሬ አጥፌ መልሼ ካላሳየሁ አልሸጥም። ትዕግሥት የሌለው ኳስ ይግዛ።

ካርቶኑን ይላኩልኝ አልኳቸው። ወሰንኩ።

ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ካልተሸጠ ጫማ ነው፣ ቃሌን አላጥፍም። ለማ. ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ናሙናውን ግን ከእጁ አላወጣም፣ ጥንካሬውን እያጣራሁ ነው ይላል፣ ከቁርስ ጀምሮ። ይኸው ከሳሎን እየጠራኝ ነው፣ ነይ እግሩን ያዢልኝ፣ ደረቱ አልገጥም አለኝ እያለ። ልሂድ።