መርሳ ላይ የተቀዳ ሳቅ

ወልድያ፣ ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎሻል? አክስቴስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? ጋቢ ደርበሽ እንደምትተኚ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሰው ቤት አላስቸግርም ብለሽ በነጠላ ብቻ እንደምትኮራመቺ ግን አውቅሻለሁ። እኔ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነኝ። ቤታችንም ቆሟል። በሩን ገንጥለውታል፣ ቡፌሽንም ወስደውታል። ያ የጠቆረው ብረት ድስትሽ ግን ጓሮ ተጥሎ አገኘሁት። ዘራፊም ንቆታል።

መብራትም ኔትዎርክም ገና ስላልመጣ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ። በሾፌር የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል፤ ስለ ወንድምሽ ለምን ትንፍሽ አትዪም ብለሽ ተቆጥተሻል። እሺ፣ እነግርሻለሁ። ግን ወደ መጨረሻው አትዝለዪብኝ። መጀመሪያ የበደልኳትን ሴት ልንገርሽ፤ ያለሷ የያሬድ ነገር አይገባሽም።

ያን የቅዳሜ የሬዲዮ ቀልድ ፕሮግራማችንን ታስታውሻለሽ። ጌትነት ይቀልዳል፣ እኔ ድምፁን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። አንቺ እንኳ፣ ሳቅ ከመቁረጥ ልብስ መቁረጥ ብትማሪ ምናለ ትዪኝ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሰሚ ስለሌለ ቀልዱ ጨው የሌለው ወጥ ይሆናል፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ የተቀዳ የሰው ሳቅ በየመጨረሻው ይገባበታል። የኛን ሳቅ የቀዳነው ጦርነት ሳይታሰብ፣ በ2011 ግንቦት፣ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ፍራፍሬ ሻጮች ነው። ያሬድን ማይኩን እንዲይዝልኝ ይዤው ሄድኩ። ጌትነት ባዶ ሳጥን ላይ ወጥቶ ሲለፈልፍ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ፈንታው የሚባል ማንጎ ሻጭ ነበር። ሳቁ ከሆዱ ይነሣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ መጨረሻ ላይ "እመ ብርሃን ድረሽ!" ይላል። ጌትነት ስለ እናቶች አንድ ብልግና ቢጤ ጣል ሲያደርግ ደግሞ የኛው ያሬድ ሳቀ። ያ ስቅታ የሚቀላቀልበት ሳቁ ያዘውና፣ በመሀሉ "እማዬ ይህን ብትሰማ ትገለኛለች" አለ። እሱን በሬዲዮ አላስገባሁትም፤ ግን አላጠፋሁትም። የፈንታውን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አሰማሁት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አምና ሐምሌ ላይ ከራያ በኩል የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቶቹን ሲሞላቸው ጌትነት አንዲት ሴት ፈጠረ። ዱቄት የሚታደልበት ሰልፍ ላይ ባሌ ሞተ እያለች ሙሾ ታወርዳለች፤ ተራዋ ሲደርስ ዕንባዋን ጠርጋ "ዘይቱስ?" ትላለች፤ በማግሥቱ ሌላ ባል ገድላ ትመጣለች። አልዋሽሽም እማዬ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከ"ዘይቱስ?" በኋላ የፈንታውን ሳቅ አስገባሁበት፤ ካለን ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበርና።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ተላለፈ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ መያዣ አጣ። የሚሳደበው ይሳደባል፣ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ፌስቡኩም በስማችን ነደደ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ቄስም ሼኽም አብረው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ተቀመጡ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቢጮኹ መስኮቱን ዘግተን እንገላገል ነበር፤ ዝም የሚልን ሰው በምን ትዘጊዋለሽ? ጌትነት በሬዲዮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፕሮግራሙ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሐዘንተኛ ከመርሳ መጣች። ባይነሽ ትባላለች። ሰው ሁሉ ጌትነትን ሊረግም ሲመጣ፣ እሷ ጌትነትን አልፋው ገባችና ሳቁን የምታስገባው የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀች። ፈንታው ባሏ ነበር። ከሚሊሻው ጋር ዘምቶ ከወደቀ ወሩ እንኳ አልሞላም። መርዶውን በወጉ፣ በማለዳ፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ነግሯት፣ ገና ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ከጎረቤት ሱቅ ሬዲዮ የባሏን ሳቅ ሰማች። ባል በሞተባት ሴት እየተቀለደ፣ የሞተው ባል ይስቃል። ስለ ቀልዱ ለሌሎቹ መልስ ስጡ፣ እኔ ሰውዬዬን ነው የምፈልገው አለችኝ። አንድ ጊዜ አሰሚኝ፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጊው እነግርሻለሁ አለችኝ።

እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? ዋሸኋት። አለቃችን ማንም ቢጠይቅ ካጂ ብሎኝ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። ይህ ሳቅ ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ ፈረንጆች ለሥራው ብለው የሚያዘጋጁት፣ የማንም ሳቅ አይደለም አልኳት። ባይነሽ ረጋ ብላ አየችኝ። ፈረንጅ ስቆ ሲጨርስ እመ ብርሃን ድረሽ ይላል ወይ አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ሳትረግመኝ ሄደች እማዬ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ተያዘ። አንቺን በሰው መኪና ጭኜ ከሸኘሁሽ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ያሬድ ከዘመተ ሳምንቱ ነበር፣ እኔም ቤት ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ። ስቱዲዮው ተዘረፈ። ሳቆቹ ያሉበትን ፍላሽ ግን በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼው ነበር። ወርቅሽን ከመሶቡ ሥር ትቼ ሳቅ ደበቅሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ አበደች እንዳትዪ። መብራት የለም፣ ሬዲዮ የሚከፍት የለም፣ ውሻ እንኳ መጮኽ ትቷል። መስከረም ላይ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤታችን አልማዝ በአጥሩ በኩል ጠራችኝና ማንን ነው የደበቅሽው አለችኝ። ማንንም አልኳት። እንግዲያ ይህ የሚስቀው ሰውዬ ማነው፣ ድምፁን ዝቅ ያድርግ እንጂ፣ ሊያስፈጀን ነው አለችኝ። ምን ይላል ብላት፣ ስቆ ስቆ እመ ብርሃንን ይጠራል አለች። አልማዝን ታውቂያታለሽ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደወል በቀር የምትሰማው ነገር የለም፣ የኛን ፕሮግራምም አታውቀውም። እጄ ወደ ቀሚሴ ጠርዝ ሄደ። ፍላሹ እንደተሰፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔም እሰማው ጀመር። ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ። ከጓዳ የመጣ ይመስለኛል፤ ጓዳ ስገባ ከሳሎን ነው። መጀመሪያ ወደ ጓሮ እሸሽ ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፤ ሰው በሌለበት ቤት እሱም ሰው ሆነ። ፈንታው ይቅር በለኝ፣ ለሚስትህ ዋሽቻታለሁ እለው ነበር። እሱ ይስቃል።

ኅዳር 12፣ ያንቺው የሚካኤል ዕለት ግን፣ ቅዳሜ ሳይሆን መጣ። ሳቁ አልቆ እመ ብርሃንን ከጠራ በኋላ ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ሌላ ሳቅ ተከተለው። ስቅታ ነበረበት። ቀኑን በከሰል ጓዳው ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። አልማዝን፣ ሰምተሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ አዎ እንዳትለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ሳቁም ቆመ። ጌትነትን አገኘሁት፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዱቄት በማደል ያገለግላል፤ ድምፁን እንዳያውቁት ከሰው ጋር የሚግባባው በእጁ ነው። ያቺ የፈጠርኳት ሴት በየቀኑ ሰልፉ ላይ ትቆማለች፣ ተራዋ ሲደርስ ግን አላገኛትም አለኝ። አልሳቅኩበትም።

የልደት ማግሥት፣ ከያሬድ ጋር የዘመተው ታደሰ በምርኩዝ እየተደገፈ ቤት መጣ። ውኃ ጠጣ። ብዙ አልተቀመጠም። አንድ ቀን ጠራልኝ፣ ወሩንና ዕለቱን። ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን ማየት አላስፈለገኝም።

እኔ አልጮኽኩም፤ ለአልማዝም አልነገርኳት። ያንቺ ተራ ሳይደርስ የኔ አይቀድምም ብዬ ነው። በነጋታው በአይሱዙ ተጭኜ መርሳ ወረድኩ። ባይነሽ በባሏ ቦታ ተቀምጣ ብርቱካን ትሸጣለች። ገና ሳልቀርባት አወቀችኝ። ዋሽቼሽ ነበር፣ ሳቁ የሱ ነው አልኳት። ፍላሽ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ነበርና ከፈትኩላት። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው። እመ ብርሃንን ሲጠራ አብራው ጠራች።

ላጥፋው ስል እጄን ያዘችኝ። ሁለተኛው ሳቅ ጀምሮ ነበር። ይሄ ስቅ የሚለው ደግሞ ማነው አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። ፊቴን አንድ ጊዜ አየችው። ብርቱካኗን በጆንያ ሸፈነች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መጥታ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠች። ገበያተኛው ሁሉ ያየናል። ያን ጊዜ ሰጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ ብቻዬን ነበር የምሰማው አለችኝ። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። ፍላሹን ለሷ ልተውላት፣ የፈንታውንም ለይቼ ልቁረጥላት ብል እምቢ አለች። አትለያያቸው፣ አብረው ይሁኑ፣ ከናትሽ ሲመለስ ታመጪልኛለሽ አለች። ብቻዋን እንዳታሰሚያት ብላም አስማለችኝ።

እናቴ፣ ትልቅ ነገር በወረቀት አይላክም ትዪ ነበር። ስለዚህ እኔም በወረቀት አልላክሁትም። ይህን ደብዳቤ ከሬዲዮውና ከፍላሹ ጋር የሚያደርስልሽ የሐራው ሾፌር ሀይሉ ነው። ማታ እንኳ ቢደርስ መኪናው ውስጥ አድሮ በማለዳ እንዲመጣ፣ አስቀድሞም አክስቴን ለብቻዋ እንዲያስጠራ ነግሬዋለሁ። ይህን ስታነቢ ቤቱ ሰው ይኖርበታል። ለምን መጣችሁ ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ አጠገብሽ ይቀመጡ።

የመጀመሪያው ሳቅ የፈንታው ነው፤ ነፍስ ይማር በዪለት፣ ለኔም ይቅርታ ለምኚልኝ። ሁለተኛው ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጊው። እኔም መኪና እንዳገኘሁ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ እደርስልሻለሁ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እመ ብርሃን ትድረስልሽ። ጋቢሽን ልበሺ።

በስቅታው መሀል ስለ አንቺ የሚላትን ስትሰሚ፣ አደራሽን፣ አትቆጪው።

ልጅሽ