የልጄ አባት መሆኔን እንዲያምንልኝ፣ ለመስኮት ቁጥር ሦስት

ይድረስ ለተከበረው የሹዋንግሺ ከተማ የውጭ ዜጎች መኖሪያ ፈቃድ ክፍል፣
በተለይም ለመስኮት ቁጥር ሦስት

ጉዳዩ፦ የገዛ ልጄ አባት ሆኜ እንድመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ተራራው ዝናቡን፣ እናንተም የቀትር እንቅልፋችሁን ሳታጓድሉ እንደከረማችሁ አልጠራጠርም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ልጄ ትርሲት እዚህ ቻይና ተምራ እዚሁ ትዳር ይዛ ስለነበር፣ ከእርሷም በቀር ዘመድ የምለው ሰው ስለሌለኝ፣ ወደ ከተማችሁ መጥቼ ይኸው ስምንት ዓመት ሞላኝ። ስምንቱንም ዓመት የትርሲት አባት እያላችሁ ፈቃዴን ስታድሱልኝ ኖራችኋል። ዘንድሮ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገባላችሁ ግን አባቷ አለመሆኔ ተደረሰበት። ፈቃዴ የሚያበቃው በዚህ ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ አባትነቴ ካልጸደቀ ልጄን ተሰናብቼ አገሬ መግባቴ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ እናንተ እንደ ውለታ ብትቆጥሩትም፣ እንደ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በራችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተከፍቶ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ዳግመኛ የሚከፈተው ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። ይህን የሦስት ሰዓት ዕረፍት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጊዜውን የማሳልፈው ከፊት ለፊታችሁ ባለችው የሩዝ ኑድልስ ቤት ነው፤ ባለቤቷ ወይዘሮ ፓንም ገና ከደጃፍ ስታየኝ ማንኪያዋን አንሥታ «መምህር፣ ዛሬም አባት አልሆኑም?» ትለኛለች። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ ያያል። ኮምጣጣውን መረቅ ግን አብዝታ ትጨምርልኛለች።

፪. ተራ ቁጥር የሚሰጠው ማሽናችሁ ከዜጋ መታወቂያ በቀር ሌላ አያነብም። ጥበቃው አቶ ሺዮንግ ደግ ሰው ስለሆነ በራሱ መታወቂያ ቁጥር ያወጣልኛል። ድምፅ ማጉያው «ሺዮንግ ዳፉ!» ብሎ ሲጣራ እርሱ ከበሩ፣ እኔ ከወንበሩ እኩል እንነሣለን። በሰው ስም መጠራትን በዚህ መልክ ቀስ በቀስ ስላለማመዳችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫. በየዓመቱ በምሞላው ቅጽ ላይ «በከተማችን የሚኖሩበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ። ምርጫዎቹ ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ፣ ሌላ የሚሉ ናቸው። እኔ ከ«ቤተሰብ» ሌላ «ሌላ» የሚለውንም እከባለሁ፤ ምክንያቱም ሊፍት በሌለው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከትርሲት በር ትይዩ፣ በአራት መቶ ዩዋን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ዝንጅብል ስገዛ ቀይ ሽንኩርት እየተመረቀልኝ በጡረታ ገንዘቤ የምኖርበት ከተማ ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። በመስኮታችሁ የምትሠራው ወጣት ወይዘሪት ታን ይህን ስታነብ «የእኛ ልጆች እንኳ ጥለውን በባሕሩ ዳርቻ ወዳሉት ትልልቅ ከተሞች ሄዱ፤ እርስዎ ምን ነክቶዎት ነው እዚህ ተራራ ላይ የወጡት?» ብላኛለች። የከተማው አስተዳደር ለማስታወቂያ የሚሆን አባባል ቢቸግረው ይህን እንዲጠቀምበት እጠቁማለሁ።

፬. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወይዘሪት ታን ኮምፒዩተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አየችና «አባባ፣ የእርስዎ የቤተሰብ ስም አጥናፉ ነው። የሴትዮዋ ወልደሰንበት። የልጇ ደግሞ ሌይ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቤተሰብ! ይሄ ቤት ነው ወይስ የእንግዳ ማረፊያ?» አለች። የሌይ ነገር ቀላል ነው፤ ሌይ አማቼ፣ የልጁ አባት ነው። አጥናፉ ግን የቤተሰብ ስም ሳይሆን አባቴ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ሰው የራሱን ስም ይይዛል፣ አባቱን ያስከትላል፣ በዚያው ያበቃል። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከወረዳው ወጥቶ አያውቅም፤ እናንተ ግን ከሞተ በኋላ ስምንት ዓመት ቻይና አኖራችሁት። ስላስተናገዳችሁት በቤተሰቡ ስም፣ ማለትም በሌለን ስም፣ አመሰግናለሁ።

፭. ማስረጃ አምጣ ስትሉኝ የልደት ወረቀቷን አመጣሁ፤ እርሱም ሁለት የተለያየ ስም ስላለበት ማስረጃነቱ ለእናንተ ሆነ። ቀጥዬ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ከእማማ ኒዬ ቀይ ክብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አቀረብኩ። ደብዳቤው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሰው የዚህች ሴት አባት ነው። በየማለዳው ደረጃው ላይ ቆሞ ካፖርትሽን ልበሺ እያለ ሲጮህባት ስድስቱም ፎቅ ይሰማል። ባዳ እንዲህ አይጨቀጭቅም።» መልሳችሁ ማኅተሙ ትክክል መሆኑን፣ ጭቅጭቅ ግን ከተፈቀዱት የሰነድ ዓይነቶች ውስጥ አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። እማማ ኒዬ ይህን ስትሰማ ያለችውን፣ ደብዳቤው የአክብሮት ስለሆነ፣ አልጽፈውም።

፮. በመጨረሻ፣ ትናንት፣ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ቅጽ ገልብጬ በጀርባው ላይ ለወይዘሪት ታን አስተማርኳት። «ትርሲት ወልደሰንበት፤ ይህ ማለት ትርሲት የወልደሰንበት ልጅ። ወልደሰንበት አጥናፉ፤ ወልደሰንበት የአጥናፉ ልጅ። ፊተኛው ልጅ፣ ኋለኛው አባት።» ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ጎልማሳ «አባባ፣ ደወሉ ስንት ሰዓት ላይ ነው? የቤት ሥራም አለ እንዴ?» ብሎ ሰልፉን ሁሉ አሳቀብኝ። እርሷ ግን ጎበዝ ተማሪ ናት። «ገባኝ መምህር! ከእንግዲህ የእናንተን አገር ስም ባየሁ ቁጥር፣ ፊተኛው ልጅ፣ ኋለኛው አባት!» አለች። ከዚያ በላይ ምን ይባላል? «ጎበዝ» ብያት ወጣሁ።

እንግዲህ ክቡራን፣ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ከአንድ ሰው አንዲት ልጅ መወለዷን ማረጋገጥ ያቃተኝ በእናንተ ዘንድ ብቻ ነው። አሥራ ሰባተኛው ቀን አምስት ቀን ቀርቶታል። የምለምነው ሦስት ቃላት ነው፦ «የትርሲት አባት ነው» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ያስቀመጣችሁኝ ወንበር ጀርባዬን ቀጥ ስላደረገልኝ፣ ያሰለፋችሁኝ ሰልፍም ጎረቤት ስላበዛልኝ ውለታችሁን የማልዘነጋ፣ ትእዛዛችሁን በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ የማነብ፣

ወልደሰንበት አጥናፉ
(በእናንተ አጻጻፍ አጥናፉ ወልደሰንበት)

ግልባጭ፦
ለነዋሪዎች ኮሚቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሮ ፓን ኑድልስ ቤት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስወርድ ስልኬ ላይ መልእክታችሁ ደረሰኝ። ጸድቋል! የሁለት ዓመት ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ትርሲትም አቅፋኝ አለቀሰች። ወይዘሪት ታን ያስተማርኳትን አንዲት ፊደል ሳታጓድል ሠርታበታለች። እኔ የዘነጋሁት መዝገባችሁ ስምን ገልብጦ የሚጽፍ መሆኑን ነበር፤ እዚያ ላይ ልጄ «ወልደሰንበት ትርሲት»፣ እኔም «አጥናፉ ወልደሰንበት» ነን። ፊተኛው ልጅ፣ ኋለኛው አባት። በመሆኑም የተፈቀደልኝ የትርሲት ልጅ ተብዬ ነው፤ ሟቹ አባቴ አጥናፉም ልጄ ሆኗል። ተማሪዋ ሙሉ ማርክ ይገባታል፤ የወደቀው አስተማሪው ነው፤ ስለዚህ ይግባኝ አልልም። የስድሳ ስምንት ዓመት ልጅ በመጪው መስከረም የት ትምህርት ቤት እንደሚመዘገብ ብቻ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። ወላጅ አምጣ የምትሉኝ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፤ እናቴ ቁጡ ናት።