የወንድምዎ ሥራ የልጅ ጨዋታ አልነበረም

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ንጋቱ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ደረጃ መውጣት ከበደኝ ብለው ነበር፤ አሁን ሻል አለዎት ወይ? እትዬ አክበረት፣ ሀኒና ልጆቿስ ደህና ናቸው? የሰፈራችን የከዚራ ሰው ሁሉ፣ ሙቀቱም ሳይቀር፣ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምሠራበት የአረጋውያን ቤትም ሰላም ነው። እዚህ በረዶው ጀምሯል፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው። ተቆጥቻለሁ ጋሼ። በስልክ ብናገር ድምፄ ከፍ ይልና ደፈረችኝ ይሉኛል ብዬ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሮግስቬድ፣ ወንድማችን ቀለመወርቅ ቤት ነበርኩ። ከእርስዎ ጋር ሲነጋገር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ስለነበር ያሉትን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚያሠለጥነው የቤዝቦል ክለብ እንዳሰናበተው ሲነግርዎት፣ አሁን አይዞህ ይሉታል ብዬ ስጠብቅ፣ «ተመስገን! ከልጅ ጨዋታ ተገላገልክ። እንግዲህ እንደ ሰው ሥራ ያዝ» አሉት። እሱ ሳቀ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ስለ ጉልበትዎ ጠየቀዎት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ያለም፣ ጋሼ እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» አለኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ! በዚህ ዕድሜው ኑሮው ኑሮ መሆን አለመሆኑን እህቱን ይጠይቃል።

«ሐኪም ይሆናል ብዬ ኩባ ብልከው ዱላ ይዞ ወጣ» እያሉ ለዘመድ ሁሉ ሲያወሩ ኖረዋል። አባታችን በሶማሊያ ጦርነት ሲሞት ወደ ኩባ ከሚላኩት ልጆች ጋር ስሙን ያስመዘገቡለት እርስዎ ነዎት። ያኔ እርስዎም ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ የሁላችንም ሸክም ወድቆብዎት ነበር፤ ያንን አልካድኩም። ግን ያ ልጅ ቋንቋ በማያውቅበት ደሴት ላይ ምን እንደገጠመው አንድ ቀን ጠይቀውት ያውቃሉ? እኔ ጠይቄዋለሁ። እናታችንን እየጠራ ያለቅስ ነበር። የስፖርት አስተማሪው እጁ ላይ ጓንት አጥልቆለት ኳስ ወረወረለት። ከዚያ ወዲህ ነው እንጀራ በሌለበት አገር እህል የበላው።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባዎትም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ ይሮጣል፤ ያ እንኳ ለልጅም አይከብድም። የአሠልጣኙ ሥራ ግን ሌላ ነው። ማን ይወርውር፣ ማን ይረፍ፣ የማን ክንድ ዛለ፣ የትኛው ትናንት ከሚስቱ ተጣልቶ መጣ፣ ይህን ሁሉ ዓይቶ የሚወስነው እሱ ነው። ሲያሸንፉ ተጫዋቹ ይጨበጨብለታል፣ ሲሸነፉ እሱ ይሰደባል። እዚህ ስዊድን ከመጣ ወዲህ ወደ ሠላሳ ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። ክለቡን ሲረከብ ማንም የማያውቀው፣ ሜዳው ላይ ውሃ የሚተኛበት ነበር። ወደ ላይኛው ምድብ አወጣው፤ ሁለት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ፤ አንድ ዓመት ወርደው የተመለሱትም በእሱ ነው። እናታችን አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ የታከመችውም በዚሁ በልጅ ጨዋታ ነው፤ ይህን እንኳ ቢያስታውሱ ምን ነበረበት?

አሁን ለምን እንደተሰናበተ ልንገርዎት፤ እሱ አይነግርዎትምና። በመስከረም የፍጻሜው ጨዋታ ነበር፤ እኔም ካፊያው እየመታኝ ተቀምጬ እያየሁ ነበር። ኤሚል የሚባለው ዋናው ወርዋሪያቸው ክርኑን ያመዋል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ ነው፤ ከውጭ አገር ክለብ ሊያዩት የመጡ ሰዎችም ነበሩ። የክለቡ ሊቀ መንበር፣ ትናንት የመጣ ሰው፣ ተጠባባቂዎቹ ዘንድ ወርዶ «አስገባው፤ ሰዎቹ የመጡት እሱን ለማየት ነው» አለው። ቀለመወርቅ «ክንዱ ይበላሻል» ብሎ መለሰለት። ኤሚል ራሱ እንባው እየወረደ ለመነው። «አይሆንም፤ ተቀመጥ» አለው። ለጥቂት ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከተመልካቹ የሰማሁትን ስድብ ለእርስዎ አልጽፈውም።

ብዙም ሳይቆዩ ቢሮ ጠርተው «ክለቡ አዲስ ጉልበት ያስፈልገዋል» አሉት። ኬክም አስጋግረውለት ነበር። ላዩ ላይ ስሙን ጽፈውበታል፣ ያውም አጣመው! ሠላሳ ዓመት የጠሩትን ስም! የሜዳውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ ሰጣቸውና ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን ዝም ብዬ አልቀረሁም። አባል ስለሆንኩ የዓመቱ ስብሰባ ላይ ሄጄ ተነሣሁ። ስዊድንኛዬ ስቆጣ ይሰባበራል፤ ይሰባበር ብዬ፣ «የአሠልጣኛችሁን ስም መጻፍ ያቃታችሁ ሰዎች እንዴት ክለብ ትመራላችሁ?» አልኳቸው። ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ አመሰገነኝና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። በዚህ ጊዜ ኤሚል ከኋላ ተነሣ። ሐኪም ክርኑን እንዳየው፣ ያን ቀን ወርውሮ ቢሆን ኖሮ ጅማቱ ተበጥሶ ምናልባትም ዳግመኛ እንደማይወረውር እንደነገረው ተናገረ። «እሱን አባርራችሁ እኔን አትጠብቁ» ብሎ የክለቡን ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም ጋሼ። እጃቸውን አውጥተው አጸደቁት፤ አበቃ።

እነሱ ባዕድ ናቸው፤ በእነሱ መናደዴ አንድ ቀን ያልፍልኛል። እርስዎ ግን ወንድሙ ነዎት። እነሱ ሥራውን ነው የወሰዱበት፤ እርስዎ ደግሞ ከነጭራሹ ሥራ አልነበረህም አሉት። የቱ እንደሚያም እርስዎ ይፍረዱ።

ትናንት ደግሞ ኡፕላንድስ ቬስቢ ያለ አንድ ትንሽ ክለብ አሠልጥንልን ብሎት እሺ ብሏል። ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ልጅነቱ በርቶ ነበር። ወዲያው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አደራሽን፣ ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። ሰው ጥፋቱን ይደብቃል፣ የእርስዎ ወንድም ግን ደስታውን ነው የሚደብቅዎት። አደራውን አፍርሼ የነገርኩዎት ስለዚህ ነው። ይቅርታ ይጠይቁት አልልም፤ ታላቅ ነዎት። ደውለው «አዲሱ ሥራ እንዴት ነው?» ይበሉት። «ሥራ» ብለው ይጥሩት። ሌላ ምንም አልፈልግም።

እትዬ አክበረትን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ በዚህ ነገር እሳቸው ከእኔ ጋር እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ሀኒን፣ ሁለቱን ልጆቿን፣ ጎረቤታችንን ሸዋሉልንም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ጉልበትዎን ይጠንቀቁ፤ ሙቅ ጨርቅ ሳያስሩ አይውጡ።

ብትቆጣም የምትወድዎት ታናሽ እህትዎ፣
ያለምወርቅ

ቴንስታ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.